የጋሽ ዲሽ ገመድ

ባሌን ሳገባ ስለ አባቱ ማንም አላስጠነቀቀኝም። ሰፈሩ ጋሽ ዲሽ ይላቸዋል፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ከጣሪያ ጣሪያ እየዞሩ ዲሽ ሲተክሉ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ አባባ እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ቤታቸው የገባሁ ቀን ዓይኔ ያረፈው ግድግዳው ላይ ነው። በየክፍሉ አንዳንድ የዲሽ ሶኬት አለች። ሳሎን አለች፣ መኝታ ቤት አለች፣ እጄን ልታጠብ ስገባ መታጠቢያ ቤትም አንዷ አፍጥጣ ጠበቀችኝ። ቴሌቪዥኑ ግን አንድ ነው።

«እዚህ ደግሞ ማን ሊያይ ነው?» ብዬ ባሌን በሹክሹክታ ጠየቅኩት።

አባባ ሰምተውኝ ኖሮ ከሳሎን ሆነው «ገመድ አንዴ ከገባ ገባ ነው፤ አይበላ አይጠጣ፣ ምን አደረገሽ ልጄ?» አሉኝ።

ለሰው ሲሠሩም እንዲሁ ነበሩ አሉ። አንድ መስመር ሲታዘዙ ሁለት ያስገባሉ፣ ሁለተኛውን «ለወደፊት ነው» ይላሉ። ወደፊት መጣና ሰው ሁሉ ወደ ኢንተርኔት ዞረ፤ የእኛም ዲሽ ከጣሪያ ወረደ። ባሌ ቤቱን ቀለም ሲያስቀባ ሶኬቶቹን ልድፈናቸው ቢል አባባ አኩርፈው እራት ሳይበሉ ተኙ። ሶኬቶቹም ቀለም እንኳ ሳይነካቸው እዚያው ቀሩ። እኔ በበኩሌ ባየኋቸው ቁጥር ደሜ ይፈላ ነበር።

የባሌ እናት፣ እማማ፣ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ ጆሯቸው አይሰማም፤ የሚያወሩት በእጃቸው ነው። አባባ እሳቸውን ብለው የምልክት ቋንቋ ተምረዋል፣ እስከ ዛሬ ግን ሲያወሩ እጃቸው ፒንሳ የያዘ ይመስላል እየተባሉ ይቀለድባቸዋል። ባሌ ይሻላል። እኔ ገና ተንተባታቢ ነኝ። የእማማን እጅ እኩል የምትከተል አንድ ሰው ብትኖር ታላቅ እህታቸው ናት፤ እሷም አትሰማም። ሩቅ ከተማ ነው የምትኖረው፣ ጉልበቷ ስለደከመ መንገድ አትችልም። ስለዚህ በየቀኑ በቪዲዮ ይገናኙ ነበር።

ችግሩ የቤታችን ነገር ነው። የመንገድ ዳሩ ክፍል የባሌ ፀጉር ቤት ነው፤ ኢንተርኔቱ የሚገባው እዚያ ነው። እማማ መጀመሪያ እዚያው ጥግ ላይ ቁጭ ብለው ያወሩ ነበር። አንድ ቀን ግን ሊላጭ የመጣ ደንበኛ የምልክት ቋንቋ አስተማሪ ሆኖ ተገኘ። እህትየዋ ስለ ምራቷ ያወራችውን ሐሜት በመስታወት ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ተከታትሎ፣ መጨረሻ ላይ ሳቁ አመለጠው። እማማ ላፕቶፓቸውን ብድግ አድርገው ወደ ጓሮ፣ ወደ ስፌት ክፍላቸው ገቡ። ክፍሏ ጥሩ ብርሃን አላት። ግድግዳው ግን ወፍራም ድንጋይ ነው፤ ዋይፋዩ እዚያ እስኪደርስ ነፍሱ ትወጣለች።

እኔና እናንተ ስናወራ ምስሉ ቢቆም ድምፁ ይቀጥላል። ለእነሱ እጅ ቆመ ማለት ወሬው ሞተ ማለት ነው። እህትየዋ ታገሠች፣ ታገሠችና አንድ ጠዋት «ፊቱን ያዞረብኝን ሰው የማዋራ እየመሰለኝ ነው። ከእንግዲህ እንጻጻፍ፣ ይበቃናል» ብላ ላከች። ከዚያ ወዲያ እማማ ሲሰፉ ቀና አይሉም፣ ከኛም ጋር ቁምነገሩን ብቻ ተናግረው እጃቸውን ወደ ጨርቁ ይመልሳሉ። አንጀቴን በሉኝ።

ባሌ የዋይፋይ ማራዘሚያ ገዝቶ በየክፍሉ አዞረው፤ ኮሪደሩን አላለፈም። ባለሙያ ቢጠራ ግድግዳውን ካልፈለፈልን አለ። ይሄኔ አባባ ብድግ አሉ።

«መንገድ እያለ ግድግዳ የምታፈርሱት ለምንድነው?»

ለካ ከድሮ የሥራ ጓደኞቻቸው ሲጠያይቁ ከርመዋል። ኢንተርኔትን በዲሽ ገመድ የሚያሳልፉ ጥንድ ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ሞደሙ ጋ፣ አንዱ ስፌት ክፍሉ ይሰካል፣ ግድግዳው ውስጥ ያለው አሮጌ ገመድ ያገናኛቸዋል። ሳጥኖቹ የመጡ ቀን አባባ የድሮ ቱታቸውን ለብሰው ብቅ አሉ። እማማ ከላይ እስከ ታች አዩዋቸውና በእጃቸው የሆነ ነገር አሉ። ባሌ «ሙሽራው ተመለሰ ነው የምትለው» ብሎ ተረጎመልኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ የቀለዱት ያን ቀን ነው።

ተሰካ። ሳጥኖቹ ሲገናኙ ትበራለች የተባለች ትንሽ መብራት ግን አልበራችም። አባባ ነቅለው ሰኩ፣ እፍ አሉበት፣ ደግመው ሰኩ። ቱታዋም ወዟ ጠፋ። እማማ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው ሲያዩ ቆዩና ተመልሰው አቀረቀሩ፤ እሱ ነው የባሰው።

«ችግሩ ኮርኒስ ውስጥ ነው» አሉ አባባ። የእሳቸው ጉልበት መሰላል አይወጣም፣ ባሌ ግማሽ ጭንቅላቱን ተላጭቶ የሚጠብቅ ደንበኛ ይዟል። ቀሚሴን ሸብ አድርጌ ወጣሁ። አቧራው አያድርስ ነው።

«አባባ፣ አንድ ጥቁር ሳጥን አለ። ገመዱ ሁሉ እሱ ውስጥ ነው የሚገባው።»

አባባ ታች ሆዳቸውን ይዘው ሲስቁ ተሰማኝ።

«ማጉያው ነው! ከሰፈሩ ሁሉ የኔ ቤት ምስል ይጥራ ብዬ የተከልኩት። እሱ ከጣሪያ የመጣውን ያወርዳል እንጂ ወደ ላይ የሚሄድ አያሳልፍም። የገዛ መንገዴን የዘጋሁት እኔው ነኝ። ነቅለሽ የፀጉር ቤቱንና የስፌት ክፍሉን ገመድ በቀጥታ አገናኚያቸው።»

«የትኞቹ ናቸው? ሁሉም አንድ ዓይነት ነው።»

«ጫፋቸው ላይ ጨርቅ ታስሯል። የስፌት ክፍሉ ቢጫ ነው።»

«እዚህ ቢጫ የለም፤ ሁሉም አመድ መስሏል።»

በስልኬ ጨርቆቹን አንድ በአንድ ፎቶ አንስቼ ስልኩን ወደ ታች አቀበልኩ። እማማ ከመኪናቸው ተነሥተው መጡና መነጽራቸውን አስተካክለው አዩ። ጨርቆቹን በወጣትነታቸው የሰፏቸው እሳቸው ናቸው፣ ቀለሙን ቁብም አላሉትም፤ የሚያዩት ስፌቱን ነው። አንዱን ነኩ፤ ዚግዛግ ነው፣ የፊተኛው ክፍል። ሌላውን ነኩ፤ ዳሩ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ጥቅጥቅ ተደርጎ ተሰፍቷል። ጣታቸውን ወደ ራሳቸው ክፍል ቀሰሩ። ማጉያውን ነቀልኩና ሁለቱን ገመዶች አባባ ባቀበሉኝ መገጣጠሚያ አገናኘኋቸው።

«በራች» አሉ አባባ።

እህትየዋ ሲደወልላት አላነሣችም። እማማ ደግመው ደወሉ። አነሣች፣ ግንባሯን ቋጥራ። እማማ እጃቸውን አነሡ፤ ምስሉ አልቆመም። ትንሽ አሉ፣ አሁንም አልቆመም። የእህትየዋ ግንባር ተፈታ።

እስከዚያን ቀን በሚቆራረጠው ምስል አንዷ ስትናገር ሌላዋ ጠብቃ ስትመልስ ነበር ያየሁት፤ ቋንቋውም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን ሁለቱም ባንድ ጊዜ ጀመሩ። አራቱም እጆች ይሮጣሉ፣ ማንም ማንንም አይጠብቅም፣ ሁለቱም ይስቃሉ።

«እንዴት ነው የሚደማመጡት?» አልኳቸው አባባን።

«ዓይን እኮ እያወራም ያያል» አሉኝ። እንባቸው ወርዷል፣ አልጠረጉትም። «ሳገባት እንዲህ ነበር የሚያወሩት። አብረው ሲቀመጡ አንዳቸውም ተራ አይጠብቁም። ያ ነገር የቀረ መስሎኝ ነበር።»

ባሌም መቀሱን እንደያዘ መጥቶ ከኋላችን ቆመ። እማማ ይሄኔ ለአፍታ ዞር ብለው ሦስታችንንም አዩንና፣ ውጡ፣ በሩንም ዝጉት ብለው በእጃቸው አዘዙን። አባባ እየሳቁ ዘጉት።