የዘርይሁን ድሪቶ ሽጉጥ

ዘርይሁን ቅዳሜ ጠዋት ከአየር ማረፊያው አጠገብ ካለው መጋዘን የሌሊት ፈረቃውን ጨርሶ ሲወጣ ወገቡ የሌላ ሰው ወገብ ይመስለዋል። በስደት ከተማው ሬክስዴል በሚባል ሰፈር ያለው ቤቱ ቅርብ ነው፤ አልጋው ደግሞ ከሁሉ በላይ ይናፍቀዋል። እሱ ግን ቤት ጎራ ይልና የተቆለፈውን ሳጥን መኪናው ኋላ ጭኖ፣ ከተማውን አቋርጦ ፍሌሚንግደን ፓርክ ወደሚባል ሰፈር ይሄዳል። እዚያ ጋሽ ኸይረዲን ኮፍያቸውን ደፍተው ከሕንፃው በር ላይ ይጠብቁታል። ከዚያ ሁለቱም ከከተማ ወጣ ብሎ ወዳለው የተኩስ ክበብ ነው። ሚስቱ ትርፌ ይህን ጉድ ቤተ ክርስቲያን ላሉት ጓደኞቿ አውርታ አታውቅም። «ሌላው ሰው ቅዳሜ ይተኛል፤ የኔው ቆርቆሮ ይተኩሳል» ትላለች።

ቆርቆሮ ማለቷስ እውነት አላት። ሽጉጡ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ የጀርመን ዕቃ ነው፤ ግን አንድ ሽጉጥ አይደለም። አካሉ ከአንዱ፣ አፈሙዙ ከሌላው፣ ላዩ ላይ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተተው ብረት፣ ስላይድ የሚሉት፣ ከሦስተኛው የመጣ ነው። በየክፍሉ የተቀረጸው ቁጥር አይገጥምም። ቁጥሩ ያልገጠመ ሽጉጥ ደግሞ በሰብሳቢዎች ዓይን ድሪቶ ነው፤ አንስተው ያዩትና ከንፈራቸውን ጣል አድርገው ይመልሱታል። ዘርይሁን ድሪቶ የገዛው ድሪቶ ወዶ አልነበረም፤ አቅሙ የፈቀደው እሱን ነው። ቆይቶ ግን ለመደው፣ ከዚያም ወደደው። ሰው ከእጁ ካለው ነገር ጋር የሚፋቀረው እንዲህ ነው።

ጋሽ ኸይረዲንም ድሪቷቸውን የገዙት እሱ ከገዛበት ሱቅ፣ ከዚያው ሳጥን ነበር። መጀመሪያ የተዋወቁትም እዚያ ነው። አንድ ቀን ክበቡ ውስጥ ሽጉጦቻቸውን ፈትተው ሲወለውሉ ዘርይሁን ዓይኑን ማመን አቃተው። የእሱ ሽጉጥ አካል ላይ ያለው ቁጥር አንድም ሳይዛነፍ የጋሽ ኸይረዲን ስላይድ ላይ ተቀርጿል። ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ግድ የለሽ ወታደር ክምር ሽጉጥ ፈትቶ እንደመጣለት ገጣጥሞት ይሆናል።

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ የኔ ናት» አለ።

«የሰጠሁህ ቀን ቅዳሜ መምጣት ትተዋለህ» አሉ እየሳቁ። «ታዲያ ምን በወጣኝ!»

ይህ ጨዋታ ለዓመታት መንገድ ላይ ሲያስቃቸው ኖረ። ዘርይሁን አብሮ ይስቅ ነበር፤ ዓይኑ ግን ከስላይዷ ላይ አይነሳም። ሽማግሌው እውነታቸውን እንደሆነ ያውቃል። ከሌሊት ሥራ በኋላ ያን ሁሉ መንገድ መንዳት ሰልችቶታል፤ ስላይዷን ባገኘ ማግሥት ቅዳሜን የእንቅልፍ ቀን ለማድረግ ከልቡ ጋር ተማክሮ ጨርሷል። ይህን ሲያስብ ያፍራል፤ ማፈሩም ራሱ ያደክመዋል።

ከዚያ የጋሽ ኸይረዲን ኩላሊት ተበላሸ። እጥበቱ የሳምንቱን እኩሌታ ወሰደባቸው፤ የተረፈውን እኩሌታ ሶፋ ላይ ተጋድመው ያሳልፉት ጀመር። በዚያ አገር ሽጉጥ መሸጥም፣ መስጠትም፣ ለልጅ ማውረስም በሕግ ቆሟል። ስለዚህ ሽማግሌው በቁማቸው ለፖሊስ ሊያስረክቡ ወሰኑ። አንድ ቅዳሜ ዘርይሁን ሊወስዳቸው ሲመጣ ስላይዷን ፎጣ ላይ አስቀምጠው ጠበቁት።

«ማክሰኞ መጥተው ይወስዱታል» አሉ። «ይቺን ግን አንተ ውሰዳት። ልጄ ሀጂራ ኮል አድርጋ ጠይቃለች፤ ስላይድ ብቻውን ከሆነ ፈቃድ ላለው ሰው ይሰጣል ብለዋታል።»

የዘርይሁን ልብ ዘለለ። አፉ ግን ልቡን አላማከረም፤ እናቱ እንዳሳደገችው መለሰ። «ኧረ ጋሼ! ይደረጋል እንዴ? እርስዎ ድነው ገና ይተኩሱበታል!»

በኛ ወግ የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ አይደለም። ሰጪው «በሞቴ» ይላል፣ ተቀባዩ «ኧረ ይተዉ» ይላል፣ ሰጪው «አፈር ስሆን» ሲል ያኔ እጅ ይዘረጋል። ገና ሲሰጡት እጁን የዘረጋማ ያላሳደጉት ይባላል። ዘርይሁን በሞቴን ጠበቀ። ጋሽ ኸይረዲን አዩት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑና «እሺ፣ ደግ» አሉ። የዕለቱ መንገድም ቀረ፤ ዘርይሁን ብቻውን ወጥቶ ሊፍቱ በር ላይ ሁሉ ቆሞ ይጠሩኛል ሲል ነበር።

በሳምንቱ ውስጥ ደጋግሞ ስልኩን አነሳ፣ ደጋግሞ አስቀመጠ። ደውሎ «ያቺን ነገር ቢሰጡኝ» ማለት ከልመና በምን ይሻላል? ለብቻዋ አስቀምጠውልኛል እያለ ራሱን አጽናና። ቅዳሜ ከፈረቃው ወጥቶ እንደ ልማዱ ሳጥኑን ጭኖ ሄደ። በሩን የከፈተችለት ልጃቸው ሀጂራ ናት።

«ማክሰኞ ፒክአፕ አደረጉት» አለችው።

«ስላይዷንም?»

«ኦል ኦፍ ኢት፣ ሁሉንም። ያቀልጡታል መሰለኝ። አንተ ኖ አልክ አይደል?»

ዘርይሁን ሶፋው አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ያን ጊዜ የተሰማው ንዴት አልነበረም፤ ድካም ነው።

«ጋሼ፣ ሁለተኛ እስኪሉኝ እኮ ነው የጠበቅሁት።»

«አውቄያለሁ» አሉ። «በሞቴ ልልህ ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ፈራሁት። ድሮ እንዲሁ የምለው ነገር ነበር፤ አሁን ሞት ራሱ ቀረብ ብሎ የሚያዳምጠኝ መሰለኝ።»

ዘርይሁን ለዓመታት የተመኛት ብረት ነገ ተነገ ወዲያ እሳት ውስጥ ትገባለች፤ እሱ ግን የሚያየው የሽማግሌውን የቀጠነ ክንድና ክንዱ ላይ ያበጠውን የመርፌ ቦታ ነው። እንዴት ሳላይ ቀረሁ አለ በልቡ። ዓይኔ ስላይዷ ላይ ነበር፣ ሌላ ምን አያለሁ።

«በሉ እንግዲህ» ብሎ ተነሳ። «በሚቀጥለው ቅዳሜም እመጣለሁ።»

«ኧረ አትድከም» አሉ። «ሽጉጥ የለኝ፣ ጉልበት የለኝ፣ ምን ላደርግ ትወስደኛለህ? ሂድ ተኛ። ዓይንህ ደም ለብሷል።»

ሲመኘው የኖረው ቃል ይኸው ነበር። ማንም አይቀየመውም፤ ራሳቸው አሰናብተውታል። ዘርይሁን ወጥቶ ሊፍቱን ጠራ። ሊፍቱ መጣ፣ ተከፈተ። የሬክስዴሉ አልጋው ከነብርድ ልብሱ ታየው። በሩ ተዘጋ፣ እሱ አልገባም።

ተመልሶ አንኳኳና ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ድረስ ዘለቀ።

«ጋሼ፣ በሞቴ» አለ። «የኔን ይተኩሳሉ። ክበቡ እንግዳ ይቀበላል፤ ከጎንዎ እቆማለሁ።»

«ኧረ ተው፣ ዘርይሁን።»

«አፈር ስሆን!»

ጋሽ ኸይረዲን የሶፋውን ክንድ ተመርኩዘው ቀስ ብለው መነሳት ጀመሩ፤ ዘርይሁንም ብብታቸው ሥር ገብቶ ደገፋቸው።

«ሀጂራ፣ ኮፍያዬን» አሉ።