ቀይ ክር የታሰረበት ኩባያ

ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱሪ ማሳጠር፣ የተቀደደ ኪስ መድፈን፣ ዚፕ መቀየር፤ ሥራው ይኸው ነው። አንድ በር ያላት ሱቅ፣ ከኋላዋ አልጋ ብቻ የምትይዝ ክፍል። ሰፈሩ «ባለክሩ» ይለዋል። ልብስ ሰፊ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። የሚጠጣበት ኩባያ ጆሮው ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ማንኪያውም፣ ሹካውም እንደዚያው። ሰው ሲጠይቀው «እንዳይጠፋብኝ ነው» ይላል። ኤዲያ! ብቻውን የሚኖር ሰው ኩባያው ከማን ጋር ይቀላቀልበታል?

እኔ ታናሽ እህቱ ነኝ። አውቶቡስ ጣቢያ ትኬት እሸጣለሁ። ቀኑን ሙሉ በመስታወት ቀዳዳ ከተሳፋሪ ጋር ስጨቃጨቅ ስለምውል፣ አፏ ስለት ነው ይሉኛል። ውሸታቸውን አይደለም። ያንን ስለት ስንት ዓመት በወንድሜ ላይ እንደሳልኩት ሳስብ ግን እስከዛሬ አንጀቴ ያርራል።

ነገሩ የጀመረው የደም ባንክ ሰዎች ሰፈራችን ደም ሊያሰባስቡ የመጡ ጊዜ ነው። ወንድሜ ክንዱን ዘረጋ፣ ሰጠ፣ ደስ ብሎት ወደ ሱቁ ተመለሰ። ከሳምንት በኋላ ጠሩትና «ደምህ ውስጥ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ተገኝቷል፤ ይህንን ወረቀት ይዘህ ጤና ጣቢያ ሂድ» አሉት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። አልሄደም። ለምን ይሂድ? በሽታውን የሚያውቀው መስሎታል።

ልጆች ሳለን የጎረቤታችን ልጅ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነበር። ሰፈሩ «የወፍ በሽታ ነው» አለ። እናታችን «ኩባያውን ለዩለት! እጃችሁን ታጠቡ!» እያለች ስትጮህ ሰነበተች። ልጁም በወሩ ድኖ ኳስ ሲያባርር ታየ። ለዚያ ልጅ ልክ ነበረች፤ በቆሸሸ ውኃና ምግብ የሚመጣ ዓይነት ነበር። ወንድሜ ግን ጉበት ላይ የሚወጣ ነገር ሁሉ ያው አንዱ መሰለው። ኩባያውን ለየ፣ ክር አሰረበት፣ እስኪለቀው መጠበቅ ጀመረ። በየዓመቱ አንድ ላቦራቶሪ ሄዶ ይመረመራል፤ «አሁንም አለ» ይሉታል፤ ተመልሶ የነተበውን ክር በአዲስ ይቀይራል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ።

ለእኔ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ከቤት ወጥቶ ሱቁ ኋላ መኖር ሲጀምር «ሥራ በዛብኝ» አለ። ለሠርጌ ቀሚሴን በእጁ ሰፋልኝ፤ እንዲያ ያለ ስፌት ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ከዚያ ሰው ሁሉ ሲበላ እሱ በር ላይ ቆሞ ቀረ። ልጄ ስትወለድ መጥቶ ከበሩ አንገቱን አስግጎ አያት። «ሳማት እንጂ!» ስለው «ጉንፋን ይዞኛል» አለ። ወይ ጉንፋን! ሰባት ዓመት የማይለቅ ጉንፋን። ልጄ ታዲያ በመንገድ ስታየው ለመሳም ትሮጣለች፣ እሱ ወደኋላ ይሸሻል። በመጨረሻ ደሜ ፈላ። «ንቀኸናል አይደል? በቃ፣ እህት የለኝም በል!» ብዬው ሄድኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ አልደወልኩለትም፤ እሱም አልደወለም።

ሁለተኛዬን እንዳረገዝኩ ለክትትል ጤና ጣቢያ ሄጄ ደም ሰጠሁ። ነርሷ ወረቀቱን አየችና በሩን ዘጋችው።

«እህቴ፣ ሄፓታይተስ ቢ አለብሽ» አለችኝ።

«እኔ? ዓይኔን እዪው እስኪ፣ የት አለ ቢጫው?»

«ቢ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም። ተደብቆ ጉበትን እያቆሰለ ዓመታት ይቀመጣል። እናትሽ በሕይወት አሉ?»

እናቴ በሆድ እብጠት ነው የሞተችው፤ ሆዷ ውኃ ይዞ፣ ዓይኗ መጨረሻ ላይ ቢጫ ሆኖ። ይህንን ስነግራት ነርሷ ራሷን ነቀነቀች። «ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ጊዜ ይተላለፋል። ሳይሆን አይቀርም ስትወለጂ ነው የያዘሽ። ለሆድሽ ልጅ አታስቢ፤ ላንቺ መድኃኒት እንሰጥሻለን፣ እሱ ደግሞ በተወለደ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ክትባቱን ያገኛል። አሁን ባልሽ፣ ልጅሽ፣ ወንድም እህትም ካለሽ ሁሉም ይመርመሩ።»

ባሌ ነጻ ሆነ። ልጄን ያስመረመርኩ ቀን ውጤቱን ስጠብቅ ጥፍሬን በልቼ ጨረስኩ። እንደ ዕድል ሆኖ በሕፃንነቷ የወሰደችው ክትባት ጠብቋታል። እሰይ ብዬ ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ። አሁን የቀረው ወንድሜ ነው። ኩርፊያዬን ዋጥ አድርጌ ሱቁ ሄድኩ።

የስፌት መኪናው ላይ ጎንበስ ብሎ ሱሪ እያሳጠረ ነበር። በሁለት ዓመት እንዴት እንደከሳ! ሰላም ሳልለው ዘረገፍኩት። «ጋሼ፣ ሄፓታይተስ ቢ አለብሽ ብለውኛል። አንተም ተመርመር።»

እግሩ መርገጫው ላይ እንዳለ ቀረ።

«እኔ ነኝ» አለ።

«ምኑ?»

«እኔ ነኝ ያስያዝኩሽ። ከማግባትሽ በፊት ሱቅ መጥተሽ በኩባያዬ ውኃ ጠጥተሽ ነበር። ክሩ ወልቆ ነበር፣ ልነግርሽ አፈርኩ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ያንን ውኃ ሳስብ…» ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

በሩ፣ ጉንፋኑ፣ ክሩ፣ ሁሉም በአንዴ ገባኝ። ላቅፈው ስጠጋ ወንበሩን ገፍቶ ወደ ግድግዳው ሸሸ። ያኔ ነው ጮክ ብዬ የተሳደብኩት፤ «አንተ የማትረባ! አንተ ደደብ!» እያልኩ አለቀስኩ። እየጎተትኩ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት።

ነርሷ አስቀምጣ በትዕግሥት አስረዳችው። «በምግብና በውኃ የሚተላለፉት ኤ እና ኢ ናቸው፤ አብዛኛው ሰው በሳምንታት ይድናል፣ ኢ ግን ለነፍሰ ጡር ክፉ ነው። ቢ እና ሲ በደም ይተላለፋሉ። ሲ ዛሬ በክኒን ይድናል። ዲ የሚባለው ቢ ያለበትን ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። ያንተ ቢ ነው። በኩባያ አይተላለፍም፣ በማንኪያ አይተላለፍም፣ ልጅ ጉንጭ በመሳም አይተላለፍም። መለየት የነበረብህ ምላጭህንና የጥርስ ብሩሽህን ነበር። እህትህን አንተ አይደለህም ያስያዝካት፤ ሁለታችሁም ከእናታችሁ ነው።»

ወንድሜ «ታዲያ አብሬያቸው መብላት እችል ነበር?» አላት።

«ሁልጊዜ።»

እሷ ይህንን ስትል እኔ ወለሉን አየሁ። ከዚያ ሆዱን በአልትራሳውንድ አዩት። ጉበቱ ጠባሳ ሆኗል፣ የካንሰር እጢም አብቅሏል። ሐኪሙ፣ ያ የመጀመሪያው ወረቀት በተጻፈበት ጊዜ ክትትል ቢጀምር ኖሮ በቀን አንድ ክኒን ይሄ ሁሉ ላይደርስ ይችል እንደነበር ነገረን። ሰው ሁሉ እንዳይነካው ሲጠብቅ የራሱን ጉበት የሚያይለት ሰው አጣ። እኔም አኩርፌ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ቤቴ ይመጣ ነበር። መጀመሪያ ቀን ኩባያውን ከነክሩ በፌስታል ይዞ መጣ። ልጄ በመቀስ ክሩን ቆርጣ ጣለችውና ጉንጩን ሳመችው። እሱ በእጁ ከንፈሯን ጠረገላት፣ ልማድ ነዋ። ሕፃኑ ተወልዶ በዚያው ቀን ሲከተብ ያቀፈው እሱ ነበር። አሥራ አራት እሑድ አብረን በላን። አሥራ አምስተኛው ላይ አልነበረም።

ከቀብሩ በኋላ ሱቁን ላስረክብ ዕቃውን ስሰበስብ ከአልጋው በላይ ካለው መደርደሪያ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። አዲስ ኩባያ ነው፣ ክር የለበትም። የፋብሪካው ወረቀት ከሥሩ እንደተለጠፈ ደርቋል። ጎረቤቱ ጫማ ሰፊ አየኝና «እሱማ የእንግዳ ነው» አለኝ። «ምናልባት እህቴ የመጣች እንደሆን ብሎ ገዛው፤ ድሮ ነው፣ ስታገቢ ገደማ። በየሳምንቱ ወልውሎ ይመልሰዋል።»

ወረቀቱን በጥፍሬ ፍቄ አነሳሁት። ሱቁ ጥግ ካለው እንስራ ውኃ ቀዳሁና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጠጣሁበት።