ተቀምጬ ያነበብኩት ወንጌል

ሰቆጣ ያለችው ትንሿ የወንጌል ሬዲዮ ጣቢያችን ታሪኳ እንዲጻፍ ሲወሰን ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ብዙ ዓመት ዜና የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ሠራተኞቹ ጥቂት ስለሆንን የጠዋቱን ወንጌል የማነበውም እኔው ነኝ። ታሪኩ አጭር ነው። ጣቢያዋ በአንዲት የኪራይ ክፍል ተጀመረች። ንባቡ በአማርኛ ብቻ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ድምፅዋ ጠፋ፤ ስትመለስ አድማጮች ስለጠየቁ ያው ምዕራፍ በአካባቢው ቋንቋ በኽምጣኛም ይነበብ ጀመር። ይህን ሁሉ አረጋግጬ ጽፌያለሁ። የቀረኝ የአድማጭ ቃል ነበር።

ለዚያ ብዬ አንድ ጠዋት ሰቆጣ ዙሪያ ወደሚኖሩ ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት ሄድኩ። ጣቢያዋ ከተከፈተች ወዲህ ምን እንደተለወጠ ጠየቅኳቸው።

«ፊት አንድ ጊዜ ነበር የምትቆም» አሉ አባወራው፣ ወደ ሚስታቸው በአገጫቸው እየጠቆሙ። «አሁን ሁለት ጊዜ ሆነ።»

አልገባኝም።

«ወንጌል ሲነበብ ተቁሞ አይደል የሚሰማ? እሷ ደግሞ በሬዲዮም ያው ነው ትላለች። በአማርኛ ትቆማለች፣ በኽምጣኛ ትደግማለች። ሆስፒታል ጉልበትሽ አልቋል፣ መቆም ቀንሺ ብለዋታል። ጦርነቱ ጊዜ ጣቢያችሁ ሲጠፋ እንኳ ትንሽ ዐርፋ ነበር።»

«ይኼ ሰውዬ ጦርነቱን ሊያመሰግን ነው» አሉ ሚስትየዋ።

ወዲያው በሬዲዮው ንባቡ ተጀመረ። በዋዜማው የቀረጽኩት የራሴ ድምፅ ነው። እናትየዋ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ የቤቱን ምሰሶ ይዘው ተነሡ። ባላቸውም ቆባቸውን አውልቀው ቆሙ። እኔም ቆምኩ።

ምዕራፉ ረጅም ነበር። ከዜናው በፊት ክፍት ሰዓት ስለነበረን ረጅሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ። አድማጭ እንዲያስብበት ብዬ ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው ስሻገር ዝም የማለት ልማድ አለኝ። እናትየዋ በእያንዳንዱ ዝምታ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራሉ። ያ አንባቢ ሰውዬ ቶሎ ቢጨርስ ብዬ ተመኘሁ።

ንባቡ አልቆ መዝሙር ሲገባ ተቀመጥን፤ ባላቸው ወደ እኔ ዞሩ። «በል እንግዲህ፣ አንባቢው አንተ ነህ። ተቀመጪ በላት።»

«እኔ ካህን አይደለሁም፣ አባባ።»

«ካህኑማ ነግረዋታል። የታመመ ቢቀመጥ ነውር የለበትም አሏት። ሲያዝኑልኝ ነው አለች።»

የምነግራቸው አንድ እውነት ብቻ ነበረኝ። «እማማ፣ እኔም እኮ ተቀምጬ ነው የማነበው» አልኩ።

«ምን ላይ?» አሉ።

«ወንበር ላይ። ማይክሮፎኑ ጠረጴዛ ላይ የታሰረ ነው።»

«ሻይስ ትጠጣለህ?» አሉ ባላቸው።

«አንዳንዴ።»

አባወራው ደስ አላቸው። «ሰማሽ? እሱ ሻዩን ፉት እያለ አንቺ እዚህ ተገትረሽ!»

እናትየዋ አልሳቁም። ወደ እኔም አላዩም፤ ሰው ሲጋለጥ ዐይንን እንደሚመልሱት ወደ መሬት አዩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

«ተወው» አሉ ባላቸውን። «ሲለፈልፍ ውሎ ይደክመዋል።» ቀጥለውም «የኽምጣኛዋም ልጅ ተቀምጣ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ፣ እማማ።»

መዝሙሩ አልቆ በኽምጣኛ የምታነበው የባልደረባዬ ድምፅ መጣ። እናትየዋም ምሰሶውን ይዘው ተነሡ።

«አንቺ ሴት፣ አሁን አልነገረሽም?» አሉ ባላቸው፣ ራሳቸውም እየተነሡ።

«እነሱ ሥራ ላይ ናቸው» አሉ። «እኔ ምን ሥራ አለኝ?»

በታሪኩ ላይ «አድማጮቻችን ንባቡን በታላቅ አክብሮት ይከታተላሉ» ብዬ ጻፍኩ። ስህተት የለበትም። ያንን ዓረፍተ ነገር ባነበብኩት ቁጥር ግን አፍራለሁ።

በማግስቱ ስቱዲዮ ገብቼ ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። ቴክኒሻኑ አስቆመኝ። «ምን ነካህ? ድምፅህ ከጉድጓድ የሚመጣ መሰለ። ተቀመጥ እንጂ።» ማይክሮፎኑን ከፍ የሚያደርግ ነገር እንዳለ ጠየቅኩት፤ የለም አለ። ተቀመጥኩ። አጭር ምዕራፍ መርጬ ያለ ዕረፍት አነበብኩ።

«ይኼማ አጠረ» አለ። «ደግሜ ላጫውተው?»

«አትድገመው» አልኩት። «መዝሙር ጨምርበት።»

ረጃጅሞቹን ምዕራፎች አሁን ለሁለት ቀን እከፍላቸዋለሁ። የማነበው ግን ዛሬም ተቀምጬ ነው።