የእናቴ ጣውንት፣ የአባቴ አውሮፕላን

ባለፈው ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ ቢሮ ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ለቅዳሜ ሰርግ ጥፍሯን ቀይ መቀባት ጀመረች፤ የቀለሙ ሽታ ጠረጴዛዬ ላይ ሲደርስ ተነስቼ ሁለቱንም መስኮቶች ከፈትኩ፣ በሩንም ከፈትኩ፣ ከዚያ ተመልሼ መቀመጥ አቅቶኝ ኮሪደሩ ላይ ወዲያና ወዲህ እል ጀመር። «አመመሽ እንዴ ነፊሳ?» አለችኝ ጣቶቿን እያራገበች። «የለም፣ ሞቆኝ ነው» አልኳት። በኅዳር ወር ደሴ ላይ ለሚሞቀው ሰው ሐኪም መጥራት ይገባ ነበር፤ እሷ ግን ደግ ልጅ ናትና ጣቶቿን ማራገቧን ቀጠለች። ያ ሽታ ለእኔ የአባቴ የአውሮፕላን ክንፍ ሽታ መሆኑን፣ ለሰርግ የምትዘጋጅ ሚዜን እንዴት አድርጌ ላስረዳት?

አባቴ አውሮፕላን ነበረው። ይህን ስናገር ሰው ወይ ሀብታም ነበርን ብሎ ያስባል፣ ወይ ውሸታም ነኝ ብሎ ያስባል፤ ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ በቆየሁባቸው ዓመታት ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አባ ሰኞ ገበያ ውስጥ አቡጀዲና የቀሚስ ጨርቅ የሚሸጥ፣ የቅድመ አያቱ አገር የመን መሆኑን ከአፍንጫው በቀር ምንም የማያስታውሰው ነጋዴ ነበር። አውሮፕላኗን ከአብዮቱ በፊት፣ ዕቃውን ሸጦ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ጣሊያን ገዛት፤ ማብረሩንም ከዚያው ሰው ተማረ። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፤ በዕድሜ ከአባና ከእማ ጋብቻ በብዙ ትበልጣለች፤ ክንፎቿም በስስ የእንጨት አጥንት ላይ ከተወጠረ ጨርቅ የተሠሩ ነበሩ። አባ በእሷ የተሸነፈው በዚህ ጨርቅ ምክንያት ይመስለኛል፤ ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው፣ ጨርቅ መብረር እንደሚችል ሲያይ ምን ያድርግ?

እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን ዘመኑ የደርግ ነበር፤ ለመብረር ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ፈቃዱ ደግሞ ዛሬ ነገ እየተባለ አይመጣም፤ ስለዚህ ስትበር ያየኋት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አባ ግን ነገ ጠዋት የምትነሳ ይመስል ይንከባከባት ነበር። እሑድ እሑድ እኔን አስከትሎ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደን፣ ከደሴ ብርድ ወጥተን ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት ስንገባ ሹራቤን እያወለቅሁ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ዳር ወዳለው የቆርቆሮ መጠለያ እንሄዳለን። ከመቀመጫው ሥር የአይጥ ጎጆ እናወጣለን፣ ጎማዎቹን እንነፋለን፣ ጭቃ እንጠርጋለን፤ አባ አፍንጫዋ ላይ ያለውን ማራገቢያ በእጁ ይዞ «ቢስሚላህ» ብሎ ሲገፋው ሞተሩ ሁለት ሦስቴ ያስልና ይነሳል፤ ያን ጊዜ የአባ ፊት ሌላ ሰው ይሆናል። ሲጨርስ ቤንዚኑን አንድ ጠብታ ሳያስቀር ከጋኗ አውጥቶ ለዘበኛው ያስረክባል፤ ትእዛዝ ነበር።

እማ አውሮፕላኗን «ጣውንቴ» ትላት ነበር። እሑድ ጠዋት ከበሩ ላይ ቆማ፣ «ዛሬም ወደ ጣውንቴ ልትወርድ ነው? ለእሷ ሲሆን ጨርቁን እንደ ልብህ ትቀድልሃለህ፤ ለእኔ ቀሚስ ሲሆን ነው መቀሱ የሚጠፋው!» ስትለው፣ አባ ጫማውን እያሰረ፣ «እሷ አትናገርማ» ይላታል። «ወላሂ፣ የወደድካትማ ለዚያ ነው!» ብላ ስቃ በሩን ትዘጋለች። ምሳችንን ግን ሁልጊዜ ለሦስት ሰው ቋጥራ ነበር የምትሰጠን።

የእኔ ሥራ ክንፉ ነበር። እጄ ትንሽና ቀስ ያለ ስለሆነ ቀዳዳውን እኔ እደርታለሁ፣ አባ ከላዩ የክንፍ ቀለም ይቀባዋል፤ ያ ቀለም ሲደርቅ ጨርቁን ይስበውና እንደ ቆዳ ያጠብቀዋል። ከዚያ በጣታችን መታ እናደርገዋለን። ጥሩ ከሆነ እንደ ድቤ ከበሮ ድም ይላል፤ ከረገበ ድምፁ ይሞታል። አባ ከሁሉ በፊት ያስተማረኝ ነገር ግን ይህ ቀለም ከደረቀ በኋላም ቢሆን እሳት እንደሚወድ ነበር። በመጠለያው በር ላይ በትልቁ «ማጨስ ክልክል ነው» ብሎ ጽፎ፣ ከዚያ በር አርባ እርምጃ ወዲህ ክብሪት እንኳ በኪስ ይዞ መግባት እንደማይቻል ደጋግሞ አስቆጥሮኛል። ቃሉን ልክ እንደ ፋቲሃ በቃሌ ይዤው ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። መርማሪዎች መጥተው አውሮፕላኗን ያያሉ፤ ለመብረር ብቁ ሆና ከተገኘች አባ ራሱ እያበረራት ለአንበጣ ቅኝት ትሠራለች፤ ብቁ ካልሆነች ተፈታታ ብረቷ ይወሰዳል። አባ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አንብቦ አጣጠፈው፤ ከዚያ ሌሊቱን ሙሉ በሳሎናችን ውስጥ ሲመላለስ ሰማሁት። መልሶ ሰማይ ላይ ሊወጣ የሚችልበት መንገድ ይህ ብቻ ነበር። ችግሩ ክረምቱ በዚያ ዓመት አልወጣ ብሎ፣ ጨርቁ በእርጥበት ረግቦ፣ የክንፍ ቀለሙ ደግሞ ከቆርቆሮው ሥር አንድ ጣት ያህል ብቻ መቅረቱ ነበር፤ ሌላ ከየትም አይገኝም። ያለንን ግራው ክንፍ ላይ ጨረስነው። ቀኙ ረግቦ ቀረ።

መርማሪዎቹ ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀር፣ ጎረቤታችን አያ ይመር ዱዓ ሊያደርጉልን አብረውን ወረዱ። አያ ይመር ድቤ ይሠራሉ፣ ድቤም ይመታሉ፤ በደሴ ሰው ለዱዓ ተሰብስቦ ወዳጃ ሲደረግ፣ መንዙማ ሲባል፣ እሳቸው ካልመጡ ሰው «ዛሬ ልብ የለውም» ይል ነበር። የመጠለያውን ጽሑፍ አባ ሲያነብላቸው እጅግ ደስ አላቸው፤ «አላህ ይውደድህ ሐሰን! ትንባሆን የመሰለ ጠላት የለም፤ ሁሉም ቤት እንዲህ በተጻፈበት!» አሉት። አባ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጽሑፉ ስለ ዲን ሳይሆን ስለ እሳት መሆኑን ሁለታችንም አልነገርናቸውም፤ ለምን እንነግራቸዋለን፣ እሳቸው እንደሆኑ አያጨሱም።

ዱዓው አለቀ። አያ ይመር ቀኙን ክንፍ በሌባ ጣታቸው መታ መታ አደረጉትና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ረግቧል» አሉ። «አዎ፣ አያ ይመር፣ እርጥበቱ ነው» አለ አባ። «እርጥበት ከሆነማ ቀላል ነው» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። በዚያች ሰዓት ዘበኛው አባን ስልክ ብሎ ጠራው፤ አባ «ነፊሳ፣ እዚህ ጠብቂኝ» ብሎኝ እየሮጠ ሄደ።

ድቤ ሲረግብ ቆዳው በፍም ወላፈን ይሞቃል፤ ያን ጊዜ ይጠብቃል፣ ድምፁም ይመለሳል። ይህን በወሎ የማያውቅ ሕፃን የለም፤ እኔም ከድቤው አጠገብ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አያ ይመር ከአጥሩ ወዲያ ሻይ ከምትሸጠው ሴት ፍም በገል ይዘው ሲመለሱ፣ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ገና ከሩቅ አወቅሁ። እኔ ጎማው ላይ ተቀምጬ ነበር። ተነሳሁ። አርባው እርምጃ ሠላሳ ሆነ፣ ሃያ ሆነ፤ እየቆጠርኩ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ትምህርት ቤት ስሜ ሲጠራ «አቤት» የምለው በልቤ የሆነ ልጅ ነበርኩ፤ አባቴ ተነስቶ የሚቀበላቸውን ትልቅ ሰው፣ ዱዓ ያደረጉበት ምራቅ አፋቸው ላይ ሳይደርቅ፣ «አይሆንም» ልበላቸው? ደግሞስ ከተቆጡኝ? አያ ይመር አጠገቤ ሲደርሱ ቆም ብለው አዩኝ። «አብሽሪ ልጄ፣ አሁን አጠብቅላችኋለሁ» አሉኝ።

እኔም እንደ ጨዋ ልጅ ገለል ብዬ መንገድ ለቀቅሁላቸው።

እሳቱ እንዴት ያለ ፈጣን እንደነበር ለመናገር ይቸግረኛል። ከክንፉ ሥር አንድ ነገር እንደ ትልቅ ወፍ ተነፈሰ፤ ወዲያው ሰማያዊ፣ ወዲያው ቢጫ ሆነ፤ አባ እየሮጠ ደርሶ አያ ይመርን በጋቢያቸው ጎትቶ ሲያወጣቸው ቀኙ ክንፍ አልቆ እሳቱ ወደ ግራው ተሻግሮ ነበር። ቤንዚን ስለሌለባት አልፈነዳችም። ሲበርድ የቀረው ልብሱ ተቃጥሎ ሽቦው ብቻ የቀረ ዣንጥላ ይመስል ነበር። አያ ይመር ሜዳው ላይ ቁጭ ብለው ቅንድባቸው ተለብልቦ፣ «ገደልኩህ ሐሰን፣ ገደልኩህ» ይላሉ፤ አባ ደግሞ መዳፋቸውን እያገላበጠ ቁስል ይፈልጋል፤ «የአላህ ውሳኔ ነው አያ ይመር፣ እርስዎ ተርፈዋል፣ አልሐምዱሊላህ» ይላል። ወደ እኔ ዞሮ ግን ምንም አልጠየቀኝም። የት ነበርሽ እንኳ አላለኝም።

በማግስቱ መርማሪዎቹ መጡ፣ አዩ፣ ጻፉ፤ ከሳምንት በኋላ ብረቱ ተጫነ። እማ ያን ዕለት «ጣውንቴ» አላለችም፤ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ አገኘኋት። አባ ወደ አቡጀዲው ተመለሰ። ጨርቅ በክንዱ እየለካ ሳለ አውሮፕላን በላይ ካለፈ ክንዱን ዘርግቶ እንደያዘ ይቆማል፤ ገዢው «ሐሰን፣ ስንት ደረሰ?» ሲለው ከአንድ ብሎ እንደገና ይጀምራል። አያ ይመር ደግሞ ድቤያቸውን ለዘመድ ሰጥተው፣ ደሴን ትተው፣ ሐርቡ ልጃቸው ዘንድ ወረዱ። ፍሙን ሲያመጡ ማየቴን ለማንም አልተናገርኩም። አባ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሞተ፤ እስከዚያ ድረስ በየዕረፍቱ ደሴ በመጣሁ ቁጥር ዛሬ እነግረዋለሁ እያልኩ ሳልነግረው ቀረሁ።

ከዚያ የጥፍር ቀለም በኋላ ሁለት ሌሊት ስገላበጥ አደርኩና ቅዳሜ ሐርቡ ወረድኩ። አያ ይመር የፓፓያ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሮአቸው ደህና ነው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው እጄን ይዘው ብዙ ጊዜ መረቁኝ። ከዚያ፣ ከአውቶቡሱ ጀምሮ ሳዘጋጀው የመጣሁትን፣ ራሴን አቀርቅሬ ተናገርኩት። «አያ ይመር፣ ያን ቀን ፍሙን ሲያመጡ አይቼ ነበር። እንደሚቃጠልም አውቅ ነበር። አፉ ይበሉኝ።»

እጄን ሳይለቁ ወደ ድምፄ ዞሩ። ከዚያ ፈገግ ማለት ጀመሩ፤ ክፋት የለበትም።

«እንዳየሽኝማ አውቃለሁ። እኔም አይቼሻለሁ እኮ!» አሉ። «ልቤ ትንሽ ፈርቶ ነበር። የፈረንጅ ዕቃ ነው፣ ምን አውቃለሁ? ታዲያ አንቺን አየሁሽ። ይቺ የሐሰን ልጅ ነገሩን ከሥሩ ታውቀዋለች፣ ስህተት ቢሆን ትነግረኝ ነበር አልኩ። ደግሞ ገለል ብለሽ አሳለፍሽኝ። ያን ጊዜ ልቤ ረጋ።»

ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው ፓፓያ አስቆረጡልኝ፤ እየለመኑ አበሉኝ፤ ጣፋጭ መሆኑን ደጋግመው ጠየቁኝ። እኔ እየበላሁ፣ የአባን የተዘረጋ ክንድ፣ የእማን ለሦስት ሰው የተቋጠረ ምሳ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ያለ ድቤ የተቀመጡትን እነዚህን እጆች አንድ ላይ ሳስብ፣ በሚዛኑ በሌላው በኩል የማስቀምጠው አንዲት ቃል ብቻ ሆነብኝ፤ ለትልቅ ሰውም ቢሆን በአክብሮት ልትባል የምትችል፣ ማንንም የማታስቆጣ ቃል።

ስመለስ አውቶቡሱ ሐረጎን ሲወጣ፣ ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ፣ ቀስ ብዬ «ይተዉ» አልኩ። ድምፄን ለመስማት ያህል ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ቅርጫታቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን አልሽኝ ልጄ?»

«ምንም» አልኳቸው።