ነውሩን ነግሬ የሸጥኩት ካሜራ

አምስት ነበርን። የሱቁ ባለቤት በሩ ላይ ቆማለች፤ አንድ እግሯ ውስጥ፣ አንድ እግሯ ደረጃው ላይ ነው፣ አላፊ አግዳሚው እንዳያመልጣት። ልጇ ከባንኮኒው ኋላ፣ በተጠቀለሉ የመጋረጃ ጨርቆች መካከል ቆማለች። መጋረጃ ሰፊው ጥግ ላይ ነው፤ እሱ እንኳ ቆሞ ሳይሆን የስፌት መኪናው ፊት ተቀምጦ ነበር። ደላላው ባንኮኒውን በክርኑ ተደግፎ አጠገቤ ቆሟል። እኔ መሀል ላይ ቦርሳዬን በሁለት እጄ ይዤ ቆሜያለሁ። ቦርሳው ውስጥ ካሜራዬ አለ። ሱቁ አየር ጤና፣ ከታክሲ መያዣው ጀርባ ያለ መጋረጃ ቤት ነው።

ብዙ ዓመት ፎቶ ቤት ሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ በፊልም፣ ኋላ በዚህ ካሜራ። በጊዜው የባለሙያ ካሜራ የሚባለው ይሄ ነበር። ምስሉን የሚቀበለው የውስጡ ገጽ የድሮውን ፊልም ያህል ስፋት አለው፤ ወጣቶቹ ፉል ፍሬም ይሉታል። አሁን የእጄ አንጓ አልሸከመውም ብሏል። ቁም ሳጥን ውስጥ ከሚቀመጥ ለሚሠራበት ሰው ይሁን ብዬ ለደላላው ነገርኩት። እሱም ከልጅቷ እናት ጋር በዋጋው ተስማማ። የቀረው ዕቃውን ማየት ብቻ ነበር።

ከጦር ኃይሎች በሚኒባስ ስንመጣ መንገዱን ሁሉ ሲመክረኝ ነበር።

«ማዘር፣ እርስዎ ዝም ብቻ ይበሉ። ወሬውን ለኔ ይተዉት። ገዢ ነውር ይፈልጋል፣ እኛ እንከላከላለን፤ ሥራው ይኸው ነው።»

ዝም ማለት አይከብደኝም። እሺ አልኩት።

ልጅቷ ካሜራውን ተቀብላ በእጇ መዘን አደረገችውና ሳቀች። እሁድ የጓደኛዋን እህት ሠርግ ልታነሳ ቃል ገብታለች። የመጀመሪያ ሠርጓ ነው። እስካሁን ትሠራበት የነበረውን ካሜራ ያዋሳት ሰው መልሶ ወስዶባታል።

«እሁድ ካበላሸሁ ሁለተኛ የሚጠራኝ የለም» አለችኝ።

«ሠርጉ የት ነው?» አልኳት።

«ቀን መናፈሻ ነን። ከዚያ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ አዳራሽ ውስጥ።»

ዝምታዬ እዚህ ላይ አበቃ።

«ልጄ፣ ይሄ ካሜራ ጨለማ አይወድም። ብርሃን ባነሰ ቁጥር ፎቶው አሸዋ የተበተነበት ይመስላል።»

ደላላው ሆን ብሎ ሳለ።

«ቪዲዮም አያነሳም።»

«ዛሬ ቪዲዮ በስልክ ነው እኮ!» አለ ደላላው ፈጠን ብሎ።

«ከኋላ ያለው ስክሪን ትንሽ ነው፤ ቀለሙንም አሳስቶ ያሳያል፣ እንዳታምኚው። ፎቶው የሚቀመጥበት ካርድ የድሮው ወፍራም ዓይነት ነው፤ በየሱቁ አይገኝም። የሚያተኩርባቸው ነጥቦች መሀል ላይ የተጠጋጉ ናቸው። ሙሽራዋ ዳር ከቆመች መጀመሪያ ፊቷ ላይ ታተኩሪና ከዚያ ነው ካሜራውን የምታዞሪው። ሰማይ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ካየሽ አቧራ ነው፣ ውስጡ ገብቷል። አንድ ጊዜም ከደረጃ ላይ ወድቋል።»

መጋረጃ ሰፊው መኪናውን አቆመ። «ማን ጣለው?»

«እኔ።»

«ማዘር ሻጭ ናቸው ወይስ ከሳሽ?» ብሎ ደላላውን ጠየቀው።

እናትየዋ በሩን ትታ ገባች። ደላላውን ወደ ጎን ጠራችው፤ ግን የምትለውን ሁላችንም ሰማነው።

«ሌላ ገዢ መጥቶላቸዋል፣ አይደል? እንዲህ የሚያጣጥሉት ልጄ እንድትተወው ነው።»

«ኧረ በፍጹም!»

«እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ጨርቅ ስሸጥ አንድ ቀን ቀለሙ ይለቃል ብዬ አውቃለሁ? የሚሸጥ ሰው ዕቃውን አይሰድብም።»

«እርስዎማ እትዬ፣ የለቀቀውንም አለቀቀም ነው የሚሉት» አለ ሰፊው።

«አንተ ዝም ብለህ ስፋ!»

ከዚያ ወደኔ ዞራ ካሜራውን ትከላከልልኝ ጀመር። ከባድ የሆነው ብረት ስለሆነ ነው። ወድቆ ካልተሰበረማ ጠንካራ ነው ማለት ነው። አቧራስ ቢሆን፣ አየር ጤና ውስጥ አቧራ የሌለበት ምን አለ? ገዢዋ ስታሞግስ፣ ሻጯ ሳጣጥል፣ ደላላው ለማን እንደሚያግዝ ጠፋው። ሌላ ገዢ የለም አልኳት። አላመነችኝም።

«ነይ፣ ራስሽ እዪው» አልኳት ልጅቷን።

ከሱቁ በስተኋላ መጋዘን አለ፤ አንዲት ደካማ አምፖል ብቻ ናት ያለችው። ልጅቷ ደላላውን ከጨርቆቹ መሀል አቆመችው። እሱም ኮሌታውን አስተካክሎ ደረቱን ነፋ። ፎቶውን አጉልተን ስናየው ፊቱ ሽሮ የተነሰነሰበት ይመስል ነበር።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አለ።

ልጅቷ አልሳቀችም። «ታዲያ እሁድ ምን ልሁን?» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ከቦርሳዬ ፍላሹን አውጥቼ ካሜራው ላይ ገጠምኩላት። ፊቱ ላይ አታብሪበት፣ ወደ ላይ አዙሪው አልኳት። የመጋዘኑ ኮርኒስ ነጭ ቀለም የተቀባ ነው፤ ብርሃኑ እሱን ነክቶ ለስልሶ ይወርዳል። ደላላው ድጋሚ ደረቱን ነፋ። አሁን ፊቱ ጥርት ብሎ ወጣ። ሽሮው የለም።

«የአዳራሹ ኮርኒስ ነጭ ነው?» አልኳት።

አላወቀችም። እዚያው ስልክ ደወለች፤ የጓደኛዋ ድምፅ ለሁላችንም ይሰማ ነበር።

«ኮርኒስ? አንቺ ልጅ፣ ሙሽራ ነው የምታነሺው ኮርኒስ?»

«ንገሪኝ ዝም ብለሽ!»

«ነጭ ነው፣ ጂፕሰም። ዝቅ ያለ ነው። ሚዜዎቹ ረጃጅም ስለሆኑ እንዳይነኩት ፈርተናል።»

ልጅቷ ስልኩን ዘግታ አየችኝ። ያኔ ነው የሳቀችው።

ጉድለቱን ከነገርኩ ደግነቱንም መንገር አለብኝ። እናትሽን በሩ ላይ አንሺያቸው አልኳት። ሴትዮዋ ሻሿን አስተካክላ፣ እንደ ድሮ ሰው ትንፋሿን ይዛ፣ ከጥላው ጫፍ ላይ ቆመች። ፍላሽ አላስፈለገም። ስናጎላው የሻሿ ክር አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። ከጀርባዋ ያሉት ሚኒባሶች ለስልሰው ሰማያዊና ነጭ ቀለም ብቻ ሆነዋል። ለልጅቷ ነገርኳት፤ ይሄ ካሜራ የኛን መልክ አያነጣም፣ አያጠቁርም። ግድግዳ የሚሞላ አድርገሽ ብታሳጥቢውም አይፈራርስብሽም። ባትሪውም ሠርጉን ጨርሶ ለመልሱ ይተርፍሻል።

እናትየዋ መነጽሯን አድርጋ አየች። «ይሄ ሁሉ ሽብሽብ የኔ ነው? ስልኬ እንዲህ አድርጎ አሳይቶኝ አያውቅም።»

«ስልክዎ ያቆላምጥዎታል እትዬ» አለ ሰፊው።

አልተቆጣችውም። ፎቶውን ደጋግማ አየችና «እናቴን መስያለሁ» አለች። ቀጥላም ወደኔ ዞረች።

«እንግዲህ ገባኝ። ሌላ ገዢ ኖሮ አይደለም። ካሜራውን ላለመልቀቅ ሳስተውለት ነው።»

ካሜራውን ተቀብዬ ለልጅቷ መለስኩላት።

«እወስደዋለሁ» አለች ልጅቷ። «ቅዳሜ አዳራሹን ሄጄ እሞክረዋለሁ። እንቢ ካለኝ ለአዳራሹ ብቻ ሌላ እዋሳለሁ።»

እንደሱ አድርጊ አልኳት። ደላላው ግንባሩን ጠረገ። እናትየዋ የተስማሙበትን ብር ቆጥራ ሰጠችኝ። ፍላሹን፣ ሁለቱን ባትሪዎች፣ ቻርጀሩን፣ ካርዶቹንና ማንበቢያቸውን ባንኮኒው ላይ ደረደርኩላት። ሌንሱን የምትወለውልበትን ጨርቅ አሳየኋት፤ በቀሚስሽ እንዳትጠርጊው አልኳት። ቦርሳውንም ተውኩላት። ደህና ዋሉ ብዬ ወጣሁ።