የስምንቱ ደቂቃ ደካማ ጎን

በፊልም ገምጋሚው መሥሪያ ቤት «ደም መላሽ» ይሏታል። የማንንም ደም መልሳ አታውቅም። ቢላዋ የተመዘዘበት፣ ጉሮሮ የታነቀበት ፊልም ሁሉ ተለይቶ ወደ እሷ ጠረጴዛ ስለሚላክ፣ አብዛኛውንም «ይስተካከል» ብላ ለሠሪው ስለምትመልሰው ነው ቅጽል ስሙ የወጣላት። ድሮ ጸሐፊ ነበረች። አንዱ ገምጋሚ ፊልም እያየ ራሱን ስቶ ሲወድቅ ለአንድ ቀን ተክተሽ እይ ተባለች፤ ያ አንድ ቀን ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው።

አንጀቷ ደንዳና ነው ይላታል ሰው። እውነትም በስክሪኑ ላይ እጅ ሲቆረጥ እሷ ብስኩቷን ሻይ ውስጥ ትነክራለች። «ይኼ ደም አይደለም፣ የቲማቲም ድልህ ነው» ትላለች። «ሳንባው የተበሳ ሰው ይኼን ሁሉ ኑዛዜ በየትኛው ትንፋሹ ነው የሚናዘዘው?» ትላለች። ከዚያ ቅጹን ትሞላለች። ቅጹ ሁለት ዓምድ ብቻ ነው ያለው፤ ጠንካራ ጎን እና ደካማ ጎን። በዚህ ዓለም ያለ ነገር ሁሉ ከሁለቱ በአንዱ እንደሚገባ የወሰነው ማን እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም።

የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሆነው ያዩት ፊልም አንድ ሰው በአንድ ፎቅ የሚኖሩ ሴቶችን ተራ በተራ በቢላዋ የሚገድልበት ነበር። ሠሪው ፌዝ አልያዘም፤ የምሩን ነው። እሷም ይኼን አልነፈገችውም። በጠንካራ ጎን ሥር፣ ገዳዩ ጭንብል እንደሌለውና ከጎረቤት ጨው ሊበደር የሚመጣ ሰው ፊት እንዳለው ጻፈች። የሞተ ሰው በዚህ ፊልም ይለቀሳል፣ ይቀበራል፣ ደረጃውን የሚያጥብ ሰው እንኳ ይታያል ብላ ጨመረች። በደካማው በኩልም አልማረችውም። ሙዚቃው ገዳዩን ቀድሞ እየመጣ ያሳብቅበታል፤ ሦስተኛው ግድያ የሁለተኛው ግልባጭ ነው፤ መጨረሻ ላይ ገዳዩ ቁጭ ብሎ የልጅነቱን በደል ይተርካል፤ ማን ጠይቆት!

ጠቡ የተነሳው ግን በአንዲት የስምንት ደቂቃ ትዕይንት ነው። ከሟቾቹ አንዷ ኮሪደሩ ላይ እየተጎተተች ትጮሃለች። አራት በር አለ። አራቱም አይከፈቱም። ከአንደኛው በስተጀርባ የቴሌቪዥን ድምፅ ከፍ ሲል ይሰማል። ስምንት ደቂቃ ሙሉ ካሜራው የሚያየው በሮቹን ነው።

«እኔ በበኩሌ ይኼ ይቆረጥ ባይ ነኝ» አለ የሕግ ክፍሉ ሰው፤ ገና ጎልማሳ ነው፣ ከረባቱን የሚያላላው ሲከራከር ብቻ ነው። «አራት በር ሙሉ ሰው ተቀምጦ አንድ እንኳ አይወጣም? የት አገር ነው ጎረቤት እንዲህ የሚጨክነው? ሕዝብ መስደብ እኮ ነው።»

ሰብሳቢው ጡረታው የደረሰ፣ ጭቅጭቅ የማይወድ ሰው ነው። «እኔንም አላሳመነኝም» አለ መነጽሩን እየጠረገ። «ደካማ ጎን ላይ ይግባ። ስምንቱ ደቂቃ ወጥቶ ይፈቀድ።»

«እሱ ከወጣ ምን ቀረው፣ ጋሼ? ቢላዋና ሩጫ ብቻ» አለች።

«ኧረ እትዬ!» ሳቀ የሕግ ክፍሉ ሰው። «እርስዎ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ለሚቆረጥ ፊልም ያዘኑት?»

«የማያሳምንህ ምኑ ነው?» አለችው።

«ሰው ሲጮህ ሰው ይወጣል። በቃ።»

ሰብሳቢው ቅጹን ከፊቷ ወስዶ ስምንቱን ደቂቃ ደካማ ጎን ሥር ጻፈ። ዝም ብትል ፊልሙ ያለ በሮቹ ይወጣል፣ እሷም ሻይዋን ጠጥታ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። እውነት ነው ካለች ግን ከየት እንዳወቀችው መናገሯ ነው፤ ያንን ደግሞ ለወለደቻት እናቷ እንኳ ሳትነግር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቀብራው ኖራለች።

ተነሳች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ኧረ የሰው ያለህ! ገደለኝ! ድረሱልኝ!»

የሕግ ክፍሉ ሰው ደንግጦ ሲነሳ ወንበሩን ገለበጠው። የሰብሳቢው መነጽር ወደቀ። ደገመችው፤ ድምጿ እስኪሰነጠቅ ጮኸች። ከግድግዳው ወዲያ መዝገብ ቤት ነው፤ በዚያ ሰዓት ቢያንስ አምስት ሰው ቁጭ ብሎ ፋይል ያገላብጣል። ሦስቱም በሩን እያዩ ጠበቁ። የመጣ የለም። ቆየት ብሎ ግድግዳው ተደበደበ፣ የሴት ድምፅም ተከተለ።

«ኧረ ቀንሱት! ሥራ አስፈታችሁን እኮ!»

የሕግ ክፍሉ ሰው ነፍሱ መለስ አለችለት። «እነሱማ ለምደውት ነው፣ እትዬ። ሳምንቱን ሙሉ ከዚህ ክፍል የሚሰሙት ጩኸት ነው። ፊልም መስሏቸው ነው።»

«እኛም ለምደነው ነበር» አለች።

ሁለቱም አልገባቸውም። ቁጭ አለችና ጠረጴዛውን እያየች ነገረቻቸው።

«እኔና አንዲት ባለትዳር በአንድ ግቢ ተከራይተን ነበር። በመሃላችን ያለው ጣውላ ነው። ባሏ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመታታል። መጀመሪያ ሰሞን እየሮጥን ገላግለናል። በነጋታው አብረው ሲስቁ እናያቸዋለን። እሱም ምን አገባችሁ አለን። ከዚያ ተውነው። ቅዳሜ ሲሆን ‹ጀመራቸው› እንላለን፣ በቃ። ያን ቀን ግን እሑድ ነው፣ ከሰዓት በኋላ። የሰኞ ቀሚሴን እየተኮስኩ ነበር። ጮኸች። ራሴን አሞኛል፣ ተናደድኩ። ጫማዬን አውልቄ በተረከዙ ግድግዳውን ደበደብኩት። ዝም በሉ ማለቴ ነው።»

ሰብሳቢው መነጽሩን ከወለሉ አላነሳም።

«ጩኸቱ ወዲያው ቆመ። ከዚያ እሷ ከወዲያ በኩል መታች። በቀስታ፣ ሦስት ጊዜ። ሰው ሊደርስላት ነው ብላ ይሆናል። እኔ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁ። ቀሚሴን ተኩሼ ጨረስኩ።»

«ሞተች ማለት ነው? ለፖሊስስ ምን አሉ?» አለ የሕግ ክፍሉ ሰው። ድምፁ የጠበቃ ድምፅ አልነበረም።

«ቤት አልነበርኩም አልኩ። ወሩ ሳያልቅ ቤት ቀየርኩ።»

ሰብሳቢው ጎንበስ ብሎ መነጽሩን አነሳ፤ ቅጹንም ወደ ራሱ ሳበ። ደካማ ጎን ሥር የጻፈውን መስመር በአንድ ጭረት ሰረዘውና ወደ ጠንካራው አሻገረው። የሕግ ክፍሉ ሰው አልተቃወመም። ከስርዙ ጎን ፈረመና የወደቀውን ወንበር አንስቶ ሳይቀመጥበት ቆመ። በሮቹ ተርፈዋል። እሷ ግን ቀለል ይለኛል ያለችው ነገር ጭራሽ ደረቷ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

ሰብሳቢው ቀና ብሎ አያት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ለማጽናናት ብሎ ነው የጠየቃት።

«ማን ነበር ስሟ?»

አፏን ከፈተች። አከራያቸው «የወዲያኛዋ» ነበር የምትላት። ባሏ «አንቺ» ይላታል። ፖሊሱም «ሟች» ነው ያላት። ዓመት ከመንፈቅ በአንድ ቧንቧ ቀድተዋል፣ በአንድ ገመድ ልብስ አስጥተዋል፣ ዝናብ ሲመጣ አንዷ የሌላዋን ልብስ ሰብስባ አስገብታለች። ሰብሳቢው እስክሪብቶውን እንደያዘ ይጠብቃል።

«አላውቀውም፣ ጋሼ» አለች። «ጠይቄያት አላውቅም።»