የኦፓል አንካሳ ስፌት

የኦፓል ስቲደም እጆች ግራጫውን ጨርቅ በመርፌው ሥር እያንሸራተቱ ነበር። ቀኝ እጇ ይመራል፣ ግራው ይከተላል። የመኪና ወንበሩ ራስ መደገፊያ ፎደራ ጥግ ላይ ስትደርስ ጨርቁን ታዞርና መርፌውን ትንሽ ወደ ኋላ ትመልሰዋለች፤ ከዚያ ክሩን በጥሳ ሌላ ታነሳለች። ሥራ በጀመረች ሰሞን የግራ እጇን ሌባ ጣት መርፌ በስቶት ስለነበር ጣቱ ተጣሞ ቀርቷል። በዚህ የተነሳ የመጨረሻዋ የመመለሻ ስፌት ሁልጊዜ ወደ ግራ ዘመም ትላለች። የሥራ ጓደኞቿ «የኦፓል አንካሳ» ብለው ስም አውጥተውላታል። ካቦው ላይል ብራንት አይቶ እንዳላየ ያልፋታል፤ ስፌቷ ከውስጥ ስለምትውል የመኪናው ባለቤት ዕድሜ ልኩን አያያትም።

«ቀስ በይ እንጂ!» አለቻት ከጎኗ የምትሰፋው ሮዜታ ጌይንስ። «ባልሽን ዛሬውኑ ሥራ ልታስገቢው ነው እንዴ?»

«ዛሬ እኮ ግማሽ ቀን ነው። ይቺን ክምር ልጨርሳትና ልሂድ።»

«ግራጫው በበዛ ቁጥር ሆይት ወደ ፋብሪካው ይቀርባል። አይደል ሒሳብሽ?»

«ታዲያ ተሳስቻለሁ?»

«የለም፣ የለም። እኔም ለወንድሜ በዚሁ እያሰላሁ ነው» ብላ ሮዜታ ሳቀች።

የኦፓል ባል ሆይት በትልቁ ኩባንያ የመኪና መገጣጠሚያ ውስጥ በያጅ ነበር። የባዕዶቹ ትንንሽ መኪኖች ገበያውን ሲሻሙት ኩባንያው ፋብሪካውን ባዶ አድርጎ ለአዲስ ሞዴል አዘጋጀው። የሚበይዱ የብረት ክንዶች አስገባ። አዲሱ መኪና ነዳጅ አይጠጣም፣ በሩ ሳይዘጋ ሲቀር ደግሞ አፍ አውጥቶ ይናገራል ተባለ። («ባሌ የሚቆጣኝ አንሶ!» ብላ ነበር ሮዜታ።) ሆይትንና ጓደኞቹን «ሞዴሉ ገበያ ሲይዝ እንጠራችኋለን» ብለው አሰናበቷቸው። ከዚያ ወዲህ በከተማቸው በፍሊንት ላይ ሁለት ክረምት በረዶ ወርዷል።

ኦፓል የምትሠራበት የስፌት ቤት ግን የኩባንያው አልነበረም። ከከተማው ዳር ያለ፣ ሥራ ላመጣለት ሁሉ የሚሰፋ ትንሽ ቤት ነው። የተቆረጠው ጨርቅ በቁጥር ይመጣል፣ የተሰፋውም በካርቶን ታሽጎ በቁጥር ይሄዳል። የሚሰፉት ሰማያዊና ግራጫ ነበር። ሰማያዊው እንደ ደረቀ ቁርበት ጣት የሚልጥ ሲሆን ግራጫው ለስላሳ ነው። የጸደዩ አበባ ሲፈነዳ ሰማያዊው እየቀነሰ ሄደና ጭራሽ ቀረ። ሴቶቹ «አሮጌው ሞዴል ሞተ፣ ነፍስ አይማር!» ብለው አጨበጨቡ፤ ሮዜታም ኮክ የተሞላ ኬክ ጋግራ አመጣች። ወዲያው ግራጫው እንደ ጎርፍ ወረደባቸው፤ ትርፍ ሰዓትም ተጀመረ። ግራጫው የአዲሱ ሞዴል መሆኑን ማንም አልተጠራጠረም። ማን ቀድሞ እንዳለው እንኳ አይታወቅም። ላይልን የጠየቀው የለም፣ ላይልም አልተናገረም።

ኦፓል ማታ ማታ እቤት ስትገባ ኮቷን ሳታወልቅ ባሏን «ዛሬም ግራጫው ጨምሯል» ትለው ነበር። ጺሙን መላጨት ትቶ የነበረው ሆይት መላጨት ጀመረ። ባለፈው ሳምንት የሥራ ጫማውን ከአልጋ ሥር አውጥቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ሶሉን እንዲቀይርለት ለሃንጋሪው ጫማ ሰፊ ለሽማግሌው ዛቦ ሰጠው። «በረዶው ሳይጥል ይጠሩኛል» አለ። «ቅዳሜ ከሰዓት እኔ አመጣልሃለሁ» አለችው ኦፓል።

ኦፓል ትውልዷ ከኬንታኪ ነው፣ ከሰል ከሚቆፈርበት ሸለቆ። እናቷ የዱቄት ከረጢት ፈትታ ለልጆቿ ቀሚስ ትሰፋ ነበር፤ አበባ የታተመበትን ከረጢት ለመልበስ እኅትማማቾቹ ይጣላሉ። ወደ ሰሜን በአውቶቡስ ስትመጣ ገና ልጃገረድ ነበረች። ሆይትን ያገኘችው በቤተ ክርስቲያን የእራት ግብዣ ላይ ነው። የሸሚዙ እጅጌ በብየዳ ፍንጣሪ ተበሳስቶ አይታ «አምጣው፣ ልጣፍልህ» አለችው። ከዚያ ወዲህ በቤታቸው ከመጋረጃው እስከ ትራሱ አንካሳዋ ስፌት ያላረፈችበት ነገር የለም።

ያን ዕለት ከሰዓት የሠራተኛ ማኅበሩ የመኸር ድግስ ነበር። በማኅበሩ አዳራሽ በር ላይ «የባዕድ መኪና እዚህ ማቆም ክልክል ነው፣ ተጎትቶ ይወሰዳል» የሚለው ሰሌዳ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ቋሊማ ይጠበሳል፣ በቆሎ ይቀቀላል። ግቢው መሐል አንዲት የባዕድ መኪና ቆማለች። በአደጋ አንድ ጎኗ የተጨፈለቀ ቢሆንም የዘንድሮ ሥሪት ነበረች፤ ቁራሌው ነው ለማኅበሩ የሰጠው። አንድ ቆርቆሮ ባቄላ ለሥራ አጥ ቤተሰብ ያዋጣ ሰው መዶሻውን አንስቶ አንድ ጊዜ ይመታታል። የመዶሻው ኃላፊ ሆይት ነበር። ጺሙን ተላጭቶ፣ የማኅበሩን ኮፍያ ደፍቶ፣ እንደ ጨረታ ሻጭ ይጮኻል።

«ኑ፣ ኑ! ኮፈኑ ገና አልሞተም! አንተ ክላይድ፣ በዚያ ክንድህ ዝንብም አትገድል! ዞር በል፣ ሚስትህ ትሞክር!»

ኦፓል የባቄላ ቆርቆሮዋን ይዛ ስትመጣ ሕዝቡ አጨበጨበ።

«የኔ እመቤት፣ በሩን!» አላት ሆይት መዶሻውን እያቀበላት። «ጣቴን የሚልጠው ጨርቅ ነው ብለሽ ምቺው!»

መታችው። ተንጠልጥሎ የነበረው በር ተወርውሮ ተከፈተ።

«በሩ ተከፍቷል በይ እንጂ!» አለ አንዱ በመኪናዋ ላይ እየቀለደ። «የኛው ቢሆን ይናገር ነበር!»

ሁሉም ሲስቅ ኦፓልም እየሳቀች ጎንበስ አለች። የወንበሩ ራስ መደገፊያ በአደጋው ተተርትሮ ስፖንጁ ወጥቷል። ፎደራው ግራጫ ነው። ግራጫ መቼም ብዙ ነው፣ አለች በልቧ። እጇን ሰድዳ ለስላሳነቱን ዳሰሰችው፤ ጣቶቿ ከእሷ ቀድመው አወቁት። ጨርቁን ገለበጠችው። ከጥጉ ላይ የመጨረሻዋ ስፌት ወደ ግራ ዘመም ብላለች።

ኦፓል ክው አለች። ጆሮዋ ላይ የሕዝቡ ጫጫታ ከሩቅ እንደሚመጣ ወንዝ ሆነ። መዶሻው ከእጇ ሲወድቅ አላወቀችም። ሮዜታ መጥታ በትከሻዋ በኩል አየች።

«አንቺ… ይሄ እኮ…» አለችና አፏን በእጇ ያዘች። «ጌታዬ ሆይ! አንካሳሽ እዚህ ምን ትሠራለች?»

ኦፓል የፎደራውን ቁራጭ ገንጥላ ይዛ ላይል ወዳለበት ሄደች። ላይል ጠረጴዛ ጥግ ተቀምጦ ቋሊማ ይበላል፤ አውራ ጣቱ ሰናፍጭ ነክቷል።

«ላይል፣ ግራጫው የማን ነው?»

«የቱ ግራጫ?»

ቁራጩን ሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችለት። ላይል ማኘኩን አቆመ።

«ኦሃዮ ነው የሚሄደው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ባዕዶቹ እዚያ ፋብሪካ ከፍተዋል። ወንበሩን ከቅርብ ይፈልጋሉ። እምቢ ብንል ቤቱ ይዘጋ ነበር፣ ኦፓል። እናንተም አልጠየቃችሁኝም።»

«የኛ አዲሱ ሞዴልስ?»

ላይል አውራ ጣቱን ጠረገ፤ ከጸዳም በኋላ መጥረጉን አላቆመም።

«ገበያ አጣ እንጂ የኛ አዲሱማ ሰማያዊው ነበር።»

ጭብጨባው ትዝ አላት። የሮዜታ ኬክ፣ ፍርፋሪው ከስፌቱ ጠረጴዛ ላይ፣ «ነፍስ አይማር» ሲባል እሷም እስክታነባ መሳቋ። የባሏ እንጀራ ቀብር ላይ ነበር እንግዲህ ኬክ የበላችው። ማታ ማታም በር ላይ ቆማ ለሆይት የምታበሥረው ይህንኑ ነበር።

ሆይት ጋ ስትመለስ ምን እንደምትለው አላወቀችም። ቁራጩን ብቻ ሰጠችው። ሊቀልድ አፉን ከፈተና ስፌቷን አያት። አውራ ጣቱን በላይዋ አሳረፈ።

«ያንቺ ናት» አለ።

«ያኔ የቀረው ሰማያዊ… እሱ ነበር የኛ። ግራጫው የነሱ ነው፣ ሆይት። ሁሉም።»

ሆይት ቁራጩን አገላብጦ አየ፣ መኪናዋን አየ፣ እንደገና ቁራጩን። ፊቱ አመድ መሰለ። ከኋላ አንዲት ሴት ቆርቆሮ ይዛ «ተራዬ ነው እንጂ!» አለችው።

«ባቄላሽን እዚያ አስቀምጪ» አላት። «መዶሻው ተሰብሯል።»

መዶሻው ሣሩ ላይ ደህና ሆኖ ተጋድሟል። ሴትዮዋ እሱንና መዶሻውን እያፈራረቀች አይታ ባቄላዋን አስቀምጣ ሄደች።

ወደ ቤት ሲመለሱ የነዳችው ኦፓል ነች። አሮጌዋ መኪናቸው ሰፊ ስለሆነች በመካከላቸው ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ነበር። ሆይት ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የፊት መስታወቱን ያያል።

«ሰኞ ትገቢያለሽ?» አላት።

«ምን ላድርግ? እገባለሁ።»

«ግቢ እንጂ። ምን እንበላለን?» ብሎ ኮፍያውን አገላበጠና፣ «ያቺን አንካሳሽን አስተካክያት ልልሽ ነበር» አለ። «ተያት። እንዲያው ትሁን።»

የዛቦ ሱቅ መንገዱ ላይ ስለሆነ ከሩቅ ይታያል። መብራቱ በርቷል፤ ሽማግሌው ቅዳሜ እመጣለሁ ስላለችው ሳይዘጋ ጠብቋታል። በመስኮቱ አዲስ ሶል የገባላቸው ሁለት ወፋፍራም ጫማዎች ጎን ለጎን ቆመው ታዩ። ማሰሪያቸው እንኳ አዲስ ነው፤ አላዘዙትም ነበር። ሆይትም አይቷቸዋል፤ አንገቱ ዞር ሲል አወቀችበት።

እግሯ ፍሬኑን ነካ አደረገና ተወው። ዛቦ ከውስጥ መኪናቸውን አውቆ እጁን አነሳ። ኦፓል መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ጫማዎቹን ሳትወስድ፣ በሱቁ በር አልፋ ሄደች።